የ«አርአያ ታካሚ» ምስክር ወረቀቴን ስለመመለስ

ለጤና ጣቢያው ኃላፊ
ቀን፦ ጥቅምት 18

ጉዳዩ፦ ምስክር ወረቀት ስለመመለስና ወደ መዝገብ ቤት የተዛወሩት ሲስተር ወደ ስኳር ሕሙማን ክፍል እንዲመለሱ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ልብስ ሰፊ ስሆን ከስኳር በሽታ ጋር ስኖር ስምንት ዓመቴ ነው። ባለፈው ወር በአዳራሹ፣ በጭብጨባ፣ ከክቡርነትዎ እጅ የተሸለምኩት እኔ ነኝ። ቤት ለክቼ እንድጽፍበት በተሰጠኝ ደብተር ያሉት የስኳር ቁጥሮች እጅግ ያማሩ ናቸው ተብሏል። ቢያምሩ አይገርምም፤ የፈጠርኳቸው እኔው ነኝ።

ለምን ቢሉ፣ የክትትል ባለሙያው ቁጥሩ ከፍ ያለበትን ሰው በተሰለፈው ሕዝብ ፊት «ሆድህ ነው የሚገድልህ» እያሉ ስለሚያዋርዱ ነው። እኛም ወረፋ ስንጠብቅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ቁጥር እንፈበርካለን። የእኔ የተዋጣለት ስለሆነ ብዙው ሰው የሚገለብጠው ከእኔ ነው። መድኃኒታችንም የሚታዘዘው በዚሁ ድርሰት መሠረት ነው።

ሲስተር እንዲህ አልነበሩም። ማክሰኞ ማክሰኞ ከፋርማሲው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ሰብስበውን «እሺ፣ በዚህ ሳምንት ምን ከበዳችሁ?» ይሉን ነበር። እኔ ሥራ ሲበዛብኝ ምሳ እየዘለልኩ ማታ አካክሰው ነበር። ተመካክረን ስድስት ሰዓት ሲሆን የስፌት መኪናዬን በጨርቅ እንድሸፍን ተስማማን፤ መኪናው ከተሸፈነ ደንበኛም አይጨቀጭቀኝም። ሠራልኝ። ይሁን እንጂ እርሳቸው ዘንድ የሚጻፈው ቁጥር እውነት ስለነበረ አያምርም። መሥሪያ ቤትዎ የሲስተርንና የክትትል ባለሙያውን ክፍሎች አነጻጽሮ፣ ሲስተርን «ዝቅተኛ ውጤት» ብሎ መዝገብ ቤት አስገባቸው፤ እኛን ለተሳዳቢው አስረከበን፤ ለእኚሁ ባለሙያም የዕድገት ደብዳቤ ጻፈ። ይህን ላሰላው ሰው አድናቆቴ ይድረሰው።

ታላቅ ወንድሜ ጫማ ጠጋኝ ነው፤ እንደ እኔው የስኳር ሕመምተኛ። ዓመት ሙሉ ከእኔ ደብተር ሲገለብጥ ከርሞ ባለፈው ሳምንት ሁለት የግራ እግሩ ጣቶች ተቆረጡ። አልጋው አጠገብ ስቀመጥ «ሽልማትህን ይዘኸው ብትመጣ ኖሮ ቁስሌን እንሸፍንበት ነበር» ብሎ ሳቀ። እኔ አፈርኩ። ጥፋቴን አልክድም፤ ብቻዬን ግን አልሸከመውም።

ስለዚህ ምስክር ወረቀቱን ከነመስተዋቱ መልሻለሁ። ሐኪሞቹ የወንድሜ ስኳር ቶሎ ካልወረደ ለእግሩም እንደሚያሰጋ ነግረውናል። ሲስተር ሳይውሉ ሳያድሩ ይመለሱልን፤ ስድብ ያስተማረንን ሊያስረሱን የሚችሉት እርሳቸው ብቻ ናቸውና። ዛሬ ጠዋት ወንድሜን ስለካው ሦስት መቶ አርባ ወጣ። ቁጥሩን ጮክ ብዬ አንብቤለት ደብተሩን ሰጠሁት። እጁ በልማድ «መቶ አሥር» ብሎ ጻፈ።

ከእውነተኛ ሰላምታ ጋር
(ፊርማ)
ልብስ ሰፊው፣ የቀድሞ አርአያ ታካሚ