የክራንች ጎማ ሲሠሩ የኖሩት የአቶ ይታያል ምንይሉ የሕይወት ታሪክ

አቶ ይታያል ምንይሉ ከአባታቸው ከአቶ ምንይሉ ቸኮል እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አመተ ሥላሴ እጅጉ በ1955 ዓ.ም. በብቸና ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እስከ አሥረኛ ክፍል እዚያው ከተከታተሉ በኋላ አዲስ አበባ ሄደው በአንድ የጎማ ፋብሪካ ተቀጠሩ። ሥራቸው ጥሬ ጎማ በጋለ የብረት ሞልድ ውስጥ አስገብቶ በከባድ መጭመቂያ መጫን፣ ከዚያም ጎማው በስሎ ቅርጹን እስኪይዝ መጠበቅ ነበር።

ፋብሪካው ሲዘጋ፣ በ1986 ዓ.ም. አንድ አሮጌ መጭመቂያ ገዝተው ሞጣ ገቡ። ለወፍጮና ለውኃ ፓምፕ የሚሆን ጎማ ማውጣትም ጀመሩ። አንድ ክረምት፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ በክራንች የሚሄዱት መምህርት ደስታነሽ ፋንታ የክራንቻቸው ጫፍ ጎማ አልቆ እያንሸራተተ ቢያስቸግራቸው ወደ ሱቃቸው መጡ። አቶ ይታያል ለዚሁ አዲስ ሞልድ አዘጋጁ። ነገር ግን መምህርቷ ቆመው ሲጠብቁ አይተው እሳቸው ስላፈሩ፣ ጎማው ሳይበስል ሞልዱን ከፈቱት። ከላይ ያማረው ጎማ ውስጡ ጥሬ ነበርና ከደጃፉ ሳይርቅ ተቀደደ፤ መምህርቷም ወደቁ። ሮጠው ሲያነሷቸው፣ “እኔ መቆም ለምጃለሁ፤ ምን አስቸኮለዎት?” አሏቸው።

ሁለቱ በ1990 ዓ.ም. በቁርባን ተጋብተው ንጋትንና ሽመክትን ወለዱ። ከዚያ ወዲህ አቶ ይታያል ደንበኛ ቢለምንም ቢቆጣም ሞልድ ያለ ጊዜው ከፍተው አያውቁም። በገበያ የሚገኘው ጎማ የእኛን ኮረት መንገድ ስለማይችል፣ ክራንች የሚይዙ ሰዎች ከብቸናም ከደጀንም ይመጡባቸው ነበር።

ባለፈው ዓመት የጉበት ሕመም ጠናባቸው። ከሕመሙ ይልቅ ያስጨነቃቸው ሥራውን የሚያውቅ ሌላ ሰው አለመኖሩ ነበር። ስለዚህ ወንበር አስወጥተው ከመጭመቂያው አጠገብ ተቀምጠው ባለቤታቸውን ማስተማር ያዙ። ወ/ሮ ደስታነሽ የመጀመሪያዎቹን አበላሹ።

“ደስታ፣ ቸኮልሽ” ሲሏቸው፣

“ከማን ተማርሁት?” ይሏቸው ነበር። ሁለቱም ይስቁ ነበር።

በኋላ አቶ ይታያል አልጋ ላይ ዋሉ። ወ/ሮ ደስታነሽ ብቻቸውን የሠሩትን ጎማ ሲያመጡላቸው፣ ቢላ አስመጥተው ሰነጠቁትና ውስጡን ብዙ ካዩ በኋላ፣ “በስሏል” አሉ።

አቶ ይታያል ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና በብቸና የሚኖሩ እኅታቸውን ትተው አልፈዋል።

ጎማ ያዘዛችሁ ሰዎች ከሰልስት በኋላ ወደ ሱቁ ብቅ በሉ፤ ወ/ሮ ደስታነሽ ያስረክቧችኋል። ይህ በቀብራቸው ላይ እንዲነገር አደራ ያሉት ራሳቸው አቶ ይታያል ናቸው።

አምላክ የደከመች ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ዘንድ ያሳርፍልን።