ድርብ ግድግዳ

ግንቦት 6 ቀን 72 ዓ.ም. ጠዋት

ጭቃው ሦስት ቀን ተረግጧል። ቦክቷል። ዛሬ የውስጠኛውን ግድግዳ ጀመርኩ።

ደብተሬ፣ አንተን የሰጠኝ መሠረተ ትምህርት ነው። ፊደሌ ይጋደማል፣ ቻለኝ። ግድግዳዬ ግን አይጋደምም። ሠላሳ ዓመት ግንበኛ ነኝ።

አሮጌው ቤት ወንፊት ነበር። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ውስጥ ነፋስ የሚያድርበት ቤት ቢባል የእኔ ነው። ባለቤቴን በታኅሣሥ ብርድ የወሰደብኝ እሱ ነው። በሳንባ። አሁን ደግሞ የአስካለ ደረት ያፏጫል። ልጄ ናት፣ ሌላ የለኝም። አፈረስኩት። ቀበሌ በቦታው መልሰህ ሥራ ብሎ ፈቀደ።

ግንቦት 9

አሠራሩን ልጻፍ፣ እንዳይረሳ። ግድግዳው ሁለት ነው። በመሃል አንድ ስንዝር ክፍተት። ክፍተቱ ውስጥ ደረቅ የጤፍ ጭድ፣ ተጠቅጥቆ። ከኮርኒሱ በላይም ጭድ። መስኮት በምሥራቅ በኩል ብቻ፣ የጠዋት ፀሐይ እንዲገባ። በእንጦጦ በኩል ምንም።

ይሄን ማንም አላስተማረኝም። ፒያሳ ሆቴል ስንገነባ የበረዶ ግንድ በጭድና በጆንያ ተጠቅልሎ ሲመጣ አይ ነበር። ቀኑን ሙሉ አይቀልጥም። ብርድን የያዘ ጭድ ሙቀትን አይይዝም? ላምባ አንዴ ተገኝቶ አንዴ በሚጠፋበት ዘመን ቤት ራሱን ማሞቅ አለበት።

ግንቦት 21 ከሰዓት

ሸምሱ በሩንና መስኮቱን ገጠመ። አናጺ ነው፣ ከጉራጌ አገር ልጅ ሆኖ መጥቶ ከእኔ ጋር ስንት ቤት አቁሟል። ከራስ መኮንን ድልድይ ሥር ጎማ ከሚጠግኑት አሮጌ ከመነዳሪ አምጥቼ ነበር። በስሱ ቆርጠን የበሩን ዙሪያ ለበጥንበት። ሲዘጋ ድምፅ የለውም። ጥርቅም።

ሸምሱ ሳቀብኝ። "ጋሼ፣ ይሄ ቤት ነው ጠርሙስ? ቡሽ ብቻ ነው የቀረው!"

ከጣሪያው ሥር ጡጫ የሚያስገባ ቀዳዳ ልተው አለ። ቤትም ይተነፍሳል አለ። ግንበኛው እኔ ነኝ፣ አንተ እንጨትህን ያዝ አልኩት። መጋዙን አነሳ።

ሰኔ 3

ከገባን ሦስት ቀን ሆነ። ውጭ ዝናብ ነው። ሻማ አበራሁ፣ ነበልባሉ አይነቃነቅም። እንደ ሥዕል። ቁጭ ብዬ አየሁት።

ትእዛዝ አወጣሁ። የገባ ወዲያው ይዝጋ፣ የወጣ ወዲያው ይዝጋ። አስካለ ትስቃለች። "አባባ፣ ዝንብም በፈቃድ ነው የምትገባው" ትላለች። ይሁን። ሦስት ሌሊት ደረቷ አላፏጨም። ሰማኸኝ ደብተሬ? ሦስት ሌሊት።

ሰኔ 12 ከሰዓት

ቀበሌዎች መጡ። ሊቀ መንበሩና ሦስት አብዮት ጠባቂ። ግድግዳው ድርብ ነው ብሎ የነገራቸው አለ። መሃሉ ምን እንዳለ ጠየቁኝ። ጭድ አልኩ። ሊቀ መንበሩ ሳቀ። ጭድ የሚደብቅ ሰው አይተን አናውቅም፣ አባት፣ አለኝ።

በዶማ ከአልጋው ራስጌ በኩል ደረመሱት፣ ወዲያ ማዶ እስኪታይ። ጭዱን ዘረገፉ። አንዱ አሸተተው። አስካለ ጥግ ቆማ ዐይኗን ከእኔ አትነቅልም። አምና ከላይኛው መንደር በአንድ ቤት ግድግዳ ውስጥ የተከለከለ ወረቀት ተገኝቶ፣ አባትየው እንደ ወጣ ቀርቷል።

ምንም አጡ። ሄዱ። ይቅርታ የለም።

ሰኔ 13

ቀዳዳው ራስ ያስገባል። መንደሩ በሙሉ እያጎነበሰ አየኝ።

ሸምሱ መጣ። ክረምቱ እስኪወጣ ተወው አለ፣ ወንፊት ሽቦ ልምታበት አለ። አስካለም ለመነች። እምቢ። ቀበሌ ያቆሰለውን ቤት እንደቆሰለ አላሳድርም። ጭድ ጠቀጠቅሁ፣ ጭቃ መታሁ፣ ለሰንኩ። ቦታው አይለይም። ኮራሁ።

ሰኔ 22

ላምባ አለቀ። የቀበሌ ሱቅ ባዶ ነው።

ሰኔ 24

ይሄን መጻፍ አልፈለግሁም። ቢሆንም ልጻፍ።

ጠዋት ጀሪካን ይዤ ራስ መኮንን ድልድይ ወረድሁ፣ ላምባ መጥቷል ተብሎ። እስከ ሰባት ሰዓት ተሰለፍኩ። ዝናብ። የለም ተባለ። ተመለስኩ።

በሩን ከፈትኩ። ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ይሄን ለማንም አልናገርም፣ ላንተ ብቻ። ቤቴ እንዴት ይሞቃል ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያ አየኋት። ወለሉ ላይ፣ በጎኗ። መሃል ላይ ከሰሉ እንደ ቀላ። ማድ ቤቱን ጎርፍ ገብቶት ማንደጃውን ወደ ውስጥ አስገብታ፣ ምስር ጥዳ። በሩን ዘግታ።

በአሮጌው ቤት ዕድሜያችንን ሙሉ እንዲሁ አድርገናል። ማንም አልታፈነም። ያ ወንፊት ቤት የከሰሉን መርዝ ያወጣልን ነበር።

ጮህኩ። ሸምሱ ደረሰ። በቃሬዛ ሐኪም ቤት ወሰድናት።

ሰኔ 26

ነፍሷ አለች። ዐይኗን ገለጠች። ቃል ይጠፋባታል፣ ማንኪያ ማለት አቃታት። ሐኪሙ ይመለስላት እንደሆነ አላውቅም አለ። ቤቱ መስኮት አለው ወይ አለኝ። አለው አልኩ። ክፍት ነበር ወይ አለ። 

ሐምሌ 2

አስካለ ከሐኪም ቤት ወጥታ አራት ኪሎ አክስቷ ዘንድ ናት። ሄድኩ። አትወቅሰኝም፣ እሱ ነው የገደለኝ። ቀስ ብላ፣ ቃል እየፈለገች፣ "እንዳሉኝ በሩን ዘግቼው ነበር እኮ፣ አባባ" አለችኝ። ጥፋት እንዳላጠፋች ልታስረዳኝ። እዚያ ቤት አልተኛም አለች። ብርዱ ይሻለኛል አለች።

ሐምሌ 3 ጠዋት

መሮና መዶሻ አወጣሁ። መልሼ ልከፍተው ቀበሌ የደረመሰበትን ቦታ ፈለግሁ። ደህና አድርጌ ለስኜው ኖሮ፣ ጠፋኝ። በራስጌው በኩል ያለውን ግድግዳ በእጄ እየዳበስኩ ዳር እስከ ዳር ሄድሁ። አላገኘሁትም።

መሮውን አስቀመጥሁ።

ሸምሱ ጋ እሄዳለሁ። ቀዳዳው የት ይሁን፣ ምን ያህል ይስፋ ብዬ እጠይቀዋለሁ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ነገር ጠይቄው አላውቅም። በሩን ክፍት ትቼ እወጣለሁ።