ጋሼ ባርጋቫን ቃል ያጣበት ዓመት

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለዲቫካራን፣ ሙስካት።

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህስ? የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም ወደቡ ላይ ያጎብጥሃል? እህልስ ይበላልሃል? እንቅልፍስ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ ቢለኝም ቆሜ እሄዳለሁ፤ እመቤታችን ባጋቫቲ ትመስገን። ጎርፉ ከግቢያችን ወጥቷል፤ ዳክዬዎቹም ተርፈዋል። እትዬ ማላቲ ሰው ሲያያት ትበላለች፤ ሰው ዞር ሲል ሳህኑን ትገፋዋለች። ልጇ ሬኑካም ወደ ማስተማሯ ተመልሳለች።

በስልክ “ጋሼ ባርጋቫን አረፈ” ካልኩህ በኋላ መስመሩ ተቋረጠ። መልሰህ ስትደውል ደግሞ እኔ ከማልቀስ በቀር መናገር አቃተኝ። አሠሪህ ፓስፖርትህን ይዞ አልሰጥም እንዳለህ ሰምቻለሁ። ታላቅ ወንድምህን ሳትሸኝ መቅረትህ እንዴት እንደሚያንገበግብህ አውቃለሁና፣ እንዴት እንደታመመ፣ እንዴት እንደሞተ፣ ማን የአስከሬኑን እሳት እንደለኮሰለት አንድ በአንድ እጽፍልሃለሁ። ግን ብቻህን ሆነህ አታንብበው። ክፍል የምትጋራውን ወዳጅህን ጥራውና አጠገብህ ይቀመጥ።

ነገሩ የጀመረው ማድራስ፣ የፊልም ቀረጻ ላይ ነው። ዳኛ ሆኖ ይሠራ ነበር፤ ፍርድ የሚያነብበት ቦታ ላይ ደርሰዋል። መሃል ላይ ቃሉ ተሰባበረበት። አፉ ወደ አንድ ጎን ሄደ፤ እጁ ወንበሩን እየፈለገ አየር ጨበጠ። ዳይሬክተሩ ትወና መስሎት “ግሩም ነው! እንዳታቋርጡት!” እያለ ካሜራውን አስቀጠለ። ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሠራተኞቹ በሙሉ አጨበጨቡ አሉ። አለመነሳቱን ያየችው የልብስ ሠራተኛዋ ናት፤ እሷ ጮኸች። ሐኪሙ በኋላ ለእትዬ ማላቲ የነገራት፣ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሷል፣ የሚባለውን ሁሉ ይሰማል፣ ይገባዋል፣ ቃል ግን ላይመለስለት ይችላል ብሎ ነው።

አስበው እንግዲህ፣ ቃል ያጣው ማን ነው? በአንድ ዓመት ውስጥ ሌባም፣ ሌባውን የሚያሳድድ ፖሊስም ሆኖ የሠራ ሰው! ካህን ሲሆን የዕጣን ሽታው ከሲኒማው ሸራ የሚመጣ ይመስለን ነበር። ሥጋ ደዌ የያዘውን ለማኝ ሲሠራ ደግሞ አክስታችን አንድ ወር ሙሉ ከእሱ ጋር ከአንድ ዕቃ አልበላም ብላ አስቸግራን ነበር። የፍቅረኛ ቦታ ግን አንድ ቀን እንኳ ሰጥተውት አያውቁም። ለዚህ ተጠያቂው አንተ ነህ፤ ልጅ ሳለን ታንኳ ላይ ስትጣሉ አፍንጫውን በመቅዘፊያ ያጣመምክበት። የመጀመሪያው ፊልም ሠሪ “በዚህ አፍንጫ የትኛዋ ሴት ታፈቅርሃለች?” ሲለው “እንግዲያው የቀረውን ሰው ሁሉ አድርገኝ” ብሎ መለሰለት። እስኪታመም ድረስ ይህን እያወራ ይስቅ ነበር፤ “ዲቫ ባይመታኝ ኖሮ አንድ ሰው ብቻ ሆኜ እቀር ነበር” ይል ነበር።

ከማድራስ ወደ አሮጌው ቤታችን ያመጣነው ዝናቡ ሳይጀምር ነው። ራሱ ነው የመረጠው። እትዬ ማላቲ የሁሉንም ቤት ፎቶ ዘርግታ ስታሳየው ጣቱን የአባባ ታንኳ ማሰሪያ ላይ አሳረፈ። ለወራት አንድም ድምፅ አልወጣውም። ጠዋት ጠዋት የሩዝ አጥሚት አጠጣዋለሁ፤ ከዚያ ውሃው ዳር ወንበር አውጥተን እናስቀምጠዋለን፤ ታንኳ በመጣ ቁጥር የቀዛፊውን ትከሻ ያያል። አሁንም እየሰረቀ ነው እላለሁ በልቤ። መቼም ታውቀዋለህ፣ ያየውን ሰው ሁሉ ይሰርቅ ነበር። ከኮኮናት ዛፍ ላይ ጠጅ የሚያወርደው ቬሉ የሞተ እግሩን እንዴት እንደሚጎትት ከፊልም ላይ አይቶ “ይህ ሰውዬ እግሬን ወስዶ ማድራስ ሸጠው!” ብሎ ገበያውን አስቆታል።

አንድ ጠዋት አጥሚቱን ዘግይቼ ሳመጣለት ጋሼ ቀና አለና በዚያ ጣሪያ በሚሰነጥቅ ድምፁ፣ “ዝሆኖቼን አምጡ! ከተማይቱ ዛሬ ታያለች!” ብሎ ጮኸ። ሳህኑ ከእጄ ወደቀ። ወጣት ሳለ ከተጓዥ ቲያትረኞች ጋር ንጉሥ ሆኖ ሲሠራ ይለው የነበረ ቃል ነው። ለካ የራሱ ቃል ጠፍቶ፣ የሸመደደው አልጠፋም ኖሯል። ከዚያ በኋላ ሲርበው በንጉሡ ቃል ነው የሚናገር። ሲደክመው አንድ የታሰረ ወንበዴ የሚለውን፣ ሽንት ሲመጣበት፣ እንዳትስቅ፣ ፓርላማ ውስጥ ተነስቶ የሚደነፋ የሚኒስትር ንግግር ይል ነበር። እኛም ለመድን። እትዬ ማላቲ መጀመሪያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ኋላ ግን ማድ ቤት ገብታ ስታለቅስ አገኘኋት። “ታንካማ፣” አለችኝ፣ “ስንት ዓመት ከስንት ወንድ ጋር ኖርኩ። እቤት ሲገባ ገና የሠራውን ሰውዬ ለብሶ ነው የሚገባው። የእኔ የትኛው እንደሆነ ሳልለይ እንዲህ ሆነብኝ።” እኔም እህቱ ሆኜ አልለየሁትም።

ከዚያ ኦናም ደረሰ። የሰፈሩ ማኅበር ለበዓሉ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሸራ ወጥሮ ፊልም ሊያሳይ ወሰነ፤ የመረጡትም እሱ ያረጀ ባለ ታንኳ ሆኖ የሠራበትን ነው። አንተ ይህን ፊልም አላየኸውም። አንተ እዚያ ከሄድክ በኋላ የወጣ ነውና ልንገርህ፤ ያ ሽማግሌ አባባ ነው። ሳሉ የአባባ ነው። መቅዘፊያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ አንገቱን የሚያክክበት የአባባ ነው። ሲመሽ ልጆቹን ለመጥራት ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ያፏጫል፤ መጀመሪያ ረዥም፣ ከዚያ ሁለት አጭር፤ አስታወስከው? ይህን ፉጨት ሲያፏጭ ሜዳው ላይ ያሉ ሽማግሌዎች ሁሉ ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ እጁን ይዣለሁ። ጋሼ ሸራውን አፍጥጦ አየ፤ ራሱን አላወቀም። ጣቱን ቀሰረና፣ ቀስ ብሎ፣ ከማንም ተውኔት ባልሆነ በተሰበረ ድምፅ፣ “አባባ” አለ። ከታመመ ወዲህ የተናገረው የመጀመሪያው የገዛ ቃሉ ያ ነው።

ከዚያ በኋላ ንጉሡም ወንበዴውም ሚኒስትሩም ተመልሰው አልመጡም። ዝም አለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ውሃው ዳር ሆኖ ደህናውን እጁን ወደ አፉ ይወስድና ለማፏጨት ይሞክራል። የታመመው ከንፈሩ አይገጥምለትም፤ ነፋስ ብቻ ይወጣል። እኔ አንድ ቀን “ጋሼ፣ ማንን ነው የምትጠራው? እኔ እኮ አጠገብህ ነኝ” ብለው፣ በጣቱ ወደ ባሕሩ አቅጣጫ አሳየኝ። ወንድሜ፣ አንተን ነበር። ይህን ልጻፍልህ አልጻፍልህ እያልኩ ብዙ አመነታሁ። ግን የአንተ ነውና ውሰደው።

ያረፈው ጠዋት ነው፤ ከባድ ዝናብ ጥሎ ባባራበት። እትዬ ማላቲ ፀጉሩን እያበጠረችለት ነበር። ጭንቅላቱን እጇ ላይ ጣል አደረገ፤ “እንዳትተኛ፣ አልጨረስኩም” አለችው። ተኝቶባት ነበር።

የመጣው ሰው ብዛት አይወራም። አስከሬኑን በትልቅ ታንኳ አድርገን ወደ አለፑዛ ስንወስደው፣ ግራና ቀኝ ያለው ሰው እርሻው ውስጥ ጉልበቱ ድረስ በውሃ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። በከተማው አዳራሽ ትልልቅ ሰዎች የአበባ ጉንጉን አኖሩ፤ አንዱ ባለሥልጣን ስለ ጋሼ ረዥም ንግግር አደረገና የፊልሞቹን ስም አሳሳተ። ወደ ቤት መልሰን ስናመጣው ፖሊሶች ለክብሩ ጠመንጃ ሊተኩሱ ተሰለፉ። ዓሣ ሻጯ ካርቲያያኒ ከነቅርጫቷ ሰውን ሰንጥቃ ወጣችና “እናንተ! ርችት ሲተኮስ አልጋ ሥር የሚገባ ልጅ እኮ ነው! ይብቃው፣ ይረፍበት!” ብላ ተቆጣቻቸው። መኮንኑ አፈረ፤ መተኮሱ ግን አልቀረም። እሷ ጥይቱ እስኪያልቅ ድረስ የጋሼን ጆሮ በሁለት እጇ ይዛ ቆመች።

አሁን ደግሞ የእሳቱን ነገር ልንገርህ፤ ሌላ ሰው አጣሞ ሳይነግርህ። ከግቢያችን በስተደቡብ የነበረው የማንጎ ዛፍ ተቆርጦ አስከሬኑ ለሚቃጠልበት እንጨት ተደረደረ። አጎታችን ናኑ ተነስተው “ወንድ ልጅ የለውም፤ ወንድሙም ባሕር ማዶ ነው። ሴት ልጅ እሳት አትለኩስም። የአክስቱ ልጅ ይለኩስ” አሉ። ሽማግሌዎቹም “ልክ ነው፣ ልክ ነው” አሉ። ሬኑካ አንገቷን ደፍታ ወደ ኋላ መራመድ ጀመረች። ይኼኔ በሰው ፊት ቀና ብላ ተናግራ የማታውቀው እትዬ ማላቲ ከመሬት ተነሳች። “አጎቴ፣ ያከብሩኝ ከሆነ ይስሙኝ። ይህ ሰው በፊልም ስንት ጊዜ ሞቷል። በሞተ ቁጥር ተቀጥሮ የመጣ የሰው ልጅ ነው የሚለኩስለት። ዛሬ የምር ነው። የራሱ ልጅ ትለኩስለት” አለች። አጎታችን ችቦውን ከአክስታችን ልጅ እጅ ተቀበሉና ራሳቸው ለሬኑካ ሰጧት። ክርኗንም ከሥር ያዙላት። ለኮሰች።

ሰው ከተበተነ በኋላ የማኅበሩ ሰዎች ለመታሰቢያው የሚሆን ትልቅ ፎቶ ስጡን አሉን። ሳጥኖቹን ሁሉ ከፈትን። ፎቶ ሞልቷል፤ ግን አንዱ ላይ ፖሊስ ነው፣ አንዱ ላይ ለማኝ፣ አንዱ ላይ ንጉሥ። የሠርጉ ፎቶ ላይ እንኳ ለአንድ መነኩሴ ብሎ ያሳደገውን ጢም አልተላጨም። እሱን ራሱን የሚያሳይ አንድ ጠፋ። እትዬ ማላቲ ወለሉ ላይ በፎቶ ተከብባ ተቀመጠች። ያኔ አንተ የነገርከኝ ትዝ አለኝ። መጀመሪያ ስትሄድ ቦምቤይ ወደብ ድረስ ሸኝቶህ፣ መንገድ ላይ ያለ ፎቶ አንሺ ያነሳችሁን ነው የምልህ። እሱ እያለቀሰ ስለሆነ ለሰው አላሳይም ብለህ ሻንጣህ ሥር ያኖርካትን። አስባዛና አንዷን ላክልን፤ ዋናዋ ካንተ ጋር ትቅር።

አጎታችን ናኑ ሰላምታ አቅርበውልሃል፤ “ልጄ ቅር እንዳይለው፣ በእሱ ቦታ ያቆምኩት የወንድሙን ልጅ ነው በይልኝ” ብለዋል። ቬሉና ካርቲያያኒ ሰላም ብለውሃል። እትዬ ማላቲ ዓይንህን ስማሃለች፤ ወገብህን ዘይት አስነካው ብላለች። ሬኑካ ስለ ፎቶዋ ስነግራት ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም፤ “አጎቴ ቶሎ ይላካት። አባቴ ስንት ሰው ሆኖ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። እሱ ራሱ ሲያለቅስ ምን እንደሚመስል ግን አላውቅም” ብላሃለች።

እህትህ ታንካማ
ካይናካሪ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1991