ለጠጅቱ የቆየው ጽዋ

ይድረስ ለማከብርዎና ለምሳሳልዎ አባቴ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ ተሻለው ወይ? ዓይንዎ ከታከመ ወዲህ ዳዊትዎን ያለ ሰው ርዳታ መድገም ጀመሩ? የመንዝ ብርድስ ዘንድሮ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ሱሉልታ ያለነው ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብን የለም፤ መድኃኔዓለም ይመስገን። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ጭር ቢልብኝም፣ ልጄ ዕድላዊት አዲስ አበባ ሥራ ውላ ስትገባ ይሞቃል።

አባቴ፣ ዛሬ የምጽፍልዎ በልጆችዎ እንዲኮሩ ነው። መጀመሪያው ግን ደስ አይልምና ይታገሡኝ።

ታናሻችን ስምዖን ቀስሶ የሰፈራችን ንስሐ አባት ከሆነ ወዲህ እኔ «አባ» እለዋለሁ፤ መስቀሉንም እሳለማለሁ። ታላቃችን ጠጅቱ ግን አልሆነላትም። እናታችን ስታርፍ አዝላ ያሳደገችው እሷ አይደለች? የመስከረም ሚካኤል ማኅበር እኔ ቤት ነበር። ስምዖን ገና ሳይደርስ፣ «የቄስ ሚስት አስፋልት ዳር ጀሪካን ደርድራ ወተት ትሸጥ? ነውር አይደለም?» አለች። ቀልደኛው ማኅበርተኛችን አቶ እሸቴ፣ «እትዬ፣ ከሷ የማይገዛ ማን አለ?» ቢላት ባሰባት። «ያዘልኩትን ልጅ መስቀል ልሳለም? እግዜር በሱ አፍ ብቻ ነው እንዴ የሚናገረው!» ስትል ስምዖንና ሚስቱ ድንቅቱ በር ላይ ቆመዋል። ሁሉንም ሰምተዋል። እሱ ግን ገብቶ ባረከና ዳቦውን ከሁሉ አስቀድሞ ለእሷ ቆርሶ ሰጣት። እሷም ዳቦውን እንደያዘች ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያንም፣ እኛም ዘንድ ዝር አላለችም፤ ስልክም አታነሣ። እህቴን አጣኋት ብዬ ፈራሁ።

ኦሪት ዘኍልቍን ገልጬ አነበብሁ። ማርያምና አሮን በኢትዮጵያዊቷ ሚስቱ አሳበው ወንድማቸውን ሙሴን ያሙበትን ማለቴ ነው። ሚስቲቱ ሰበብ ነበረች፤ ያንገበገባቸው ክብሩ ነው። ማርያም በለምጽ ነጣች፤ አሮን ደህና ቆመ። ለምን? እያልሁ ሰነበትሁ። እኔስ እህቴ ስትናገር ዝም ያልሁት አፍሬ ነው፣ ወይስ ጥቂት ደስ ብሎኝ?

የጥቅምቱ ተራ የአቶ እሸቴ ሆነ። ማኅበሩን የምመራው እኔ ነኝና፣ «አባ፣ ይባርኩልንና እንጀምር» አልሁት። «እህታችን የታለች?» አለኝ። ቀርታለች አልሁ። «እንግዲያው እንጠብቃለን» አለ። ድፎው እንደተሸፈነ፣ ጠላው ሳይቀዳ ቁጭ አልን። እሸቴ፣ «አባ፣ ይኼ ዳቦ ለኅዳር ሚካኤል ሊቆየን ነው?» ብሎ አሳቀን። ስምዖን ግን፣ «ማርያም ከሰፈር ውጭ በቆየችበት ሰባት ቀን ሕዝቡ ድንኳኑን አልነቀለም፤ ጠበቃት። እኛ ለጠጅቱ አንድ ከሰዓት አንጠብቅም?» አለ። ጥፋቷን ግን አላነሣም።

ይኼኔ ብድግ ያለችው ድንቅቱ ናት። ባጃጅ ይዛ ሄዳ፣ «ኮቱ እትዬ፣ ነይ ኮቱ! ያላንቺ አልቆርስም ብሎ ሰውን በረሃብ ሊፈጅብን ነው» ብላ እየጎተተች አመጣቻት። ያስቡት አባቴ፣ የታማችው ሄዳ ሐሜተኛዋን ስታመጣ!

ጠጅቱ ገባች። ዝቅ ብላ፣ ከአፏ ሰምቼው የማላውቀውን፣ «አባ፣ ይፍቱኝ» አለች። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብሎ መስቀሉን አሳለማት። ቀጥሎ እሱ ራሱ ጎንበስ ብሎ ትከሻዋን ሳመ፤ ያዘለችበትን። እሸቴም ተነሥቶ ድፎውን ገለጠ።

ስንመለስ ስምዖንን ስለ አሮን ጠየቅሁት። «ለምን እንደዳነ አላውቅም፤ ስለ እህቱ የለመነው ግን እሱ ነው» አለኝ። እኔ ያንንም አላደረግሁም። ቢሆንም የእነዚህ ወንድም በመሆኔ አንገቴን ቀና አድርጌ እሄዳለሁ።

ቅዳሜ ባስፋልቱ ሳልፍ ጠጅቱን ከድንቅቱ ጎን በርጩማ ላይ አገኘኋት። «የቄስ ቤት ወተት ነው፣ ውሃ አልነካውም!» እያለች ትጣራለች። ድምፅዋ ከመኪናው ጡሩምባ ይበልጣል።

ጠጅቱ ጉልበትዎን ስማለች፤ ስምዖን ምርቃትዎን ይለምናል፤ ድንቅቱና ዕድላዊት እጅ ይነሣሉ። ለወንድሜ ለሰለሞን፣ ለባለቤቱ ለሙሉዬ፣ ለሕፃናቱም በየስማቸው ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ዕድሜዎን ያርዝምልን።

ልጅዎ ገብረየስ
ሱሉልታ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.