ሃምዳ ሞተሩን አላቃጠለችም

ውድ በድሩ፣

ወገብህ እንዴት ሰነበተ? ለሕክምና ያረፍክበት ኸባብ ቤት ያለው ፍራሽ አልመች ብሎህ ልጁን ቁም ስቅሉን እንደምታሳየው ባለቤትህ ፋዱማ ነግራኛለች። የምጽፍልህን በስልክ ልነግርህ ደጋግሜ ሞክሬ ነበር፤ "ሞተሩን አቃጥላዋለች፣ በቃ" ብለህ ትዘጋብኛለህ። ወረቀት አይዘጋምና እስከ መጨረሻው አንብበኝ።

ሃምዳ ባዘዝካት መሠረት የጭነት መኪናዋን ቁልፍ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። አላለቀሰችም። "ቲቸር፣ አባዬ ሴት ልጄን መሪ ማስያዜ ስህተት ነበር ብሏል" አለችኝና ወጣች።

ፊዚክስ ሳስተምር ተማሪዎቼን ስለምናቸው የኖርኩት ምልክትን ከምክንያት እንዳይቀላቅሉ ነው። ስለዚህ መኪናዋ ወደቆመችበት ወደ መካኒኩ ዋርፋ ጋራዥ ሄድኩ። ችኩልነቱን ታውቃለህ፤ ገና ሰላም ሳንባባል መፍቻ አነሳ። ቁጭ አደረግኩት።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ፣ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተን አስነሳነው። ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ይል ጀመር። ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ወጣ። የዘይት መለኪያውን ስንመዘው ደግሞ ዘይቱ ሻሂ በወተት መስሏል። ነገሩ ግልጽ ነው፤ በሞተሩና በላይኛው ክፍል፣ በቴስታታው መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ጋርኒሲዮኑ፣ ተቃጥሎ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነህ። ግን ጋርኒሲዮን በገዛ ራሱ አይቃጠልም፤ ሙቀት ነው የሚያቃጥለው። ሙቀቱስ ከየት መጣ?

ሃምዳን አስጠርቼ ጠየቅኳት። ሲሚንቶ ጭና የደንገጎን ዳገት ስትወጣ የሙቀት መርፌው ሲነሳ እንዳየች ወዲያው ጥግ ይዛ አጠፋችው። ጫኚዎቹ "ሴትዮዋ ዳገት ፈራች" እያሉ ሲስቁባት፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀች። ቃሏን ሰምቼ ብቻ አልተውኩትም። ዋርፋ ቴስታታውን ከፈታ በኋላ ቀጥ ያለ ብረት አጋድመንበት በሥሩ ብርሃን ያልፍ እንደሆነ አየን። የትም አያልፍም። በፈላ ሞተር ጥቂት ብትገፋ ኖሮ ይጎብጥ ወይም ይሰነጠቅ ነበር። በድሩ፣ ልጅህ ሞተርህን አትርፋልሃለች።

ከዚያ ራዲያተሩ ወረደ። ዋርፋ ገልብጦ ሲያራግፈው ቢጫ ዝልግልግ ነገር ወጣ። በጣቱ ነክቶ አሸተተውና ቀና ብሎ አየኝ።

"አቦ መምህር፣ ይቺ መኪና ሑልባት ነው እንዴ የምትጠጣው?"

አብሽ ነበር። ሃምዳ ፊቷን አዞረች። ራዲያተሩ ባንጠባጠበ ቁጥር የተፈጨ አብሽ እየጨመርክ ቀዳዳውን እንደምትደፍነው ለካ ታውቃለች። ታዲያ ለምን ዝም ብለሽ ተወቀስሽ አልኳት።

"ታሞ ተኝቶ ምን ብዬ ልናገረው?" አለችኝ።

ፋዱማ ስትሰማ ጎረቤት እስኪወጣ ሳቀች። አብሿ የሚጎድለው አይጥ እየገባበት ይመስላት ነበር። "እኔ ወጥ ውስጥ ስጨምር በዛ እያለ የሚቆጣኝ ለመኪናው ሊያተርፍ ኖሯል በለው" ብላኛለች።

አብሹ ቀዳዳውን ደፈነልህ፤ ነገር ግን ውሃው የሚመላለስባቸውን ቀጫጭን ቱቦዎችም አብሮ ደፈነ። ኖራ የበዛበት የድሬ ውሃ ደግሞ አገዘው። ክፉ አስበህ እንዳላደረግከው አውቃለሁ። ለሆድ ቁርጠት የሚያሽር ነገር ለመኪናም ያሽራል ብለህ ነው፤ ያቺን መኪና ከቤተሰቡ ለይተህ አይተሃት አታውቅም።

አሁን ጋርኒሲዮኑ ተቀይሯል፣ ራዲያተሩ ታጥቦ ቀዳዳው ተበይዷል። ዋርፋ ጭነት አስጭኖ ደንገጎን ወጣባት፤ መርፌው ንቅንቅ አላለም። ቁልፉን ለሃምዳ ብሰጣት ግን እምቢ አለች። "ያወረደኝ አባዬ ነው፤ የሚያወጣኝም እሱ ነው" አለች። ስትኮሳተር ቁርጥ አንተን ናት፤ ብታያት፣ ብትናደድም ደስ ይልህ ነበር።

ስለዚህ ይህን አንብበህ ስትጨርስ ደውልላት። ይቅርታ ማለት እንደሚከብድህ አውቃለሁ፤ ዙሪያውን ስትዞር የስልክህ ካርድ ያልቃል። "ነገ ሲሚንቶውን አድርሺ" ብቻ በላት። ይገባታል።

ወገብህን አስታመህ በደህና እንድትመጣልን የሚመኝ፣

ወዳጅህ ክፍሉ
ድሬ ዳዋ