ስለ ባዶው መጭመቂያና ስለ ወንድሜ መንጋጋ

ለተከበሩ የምግብና መጠጥ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ በተለይም የጥርስዎን ጤና አጥብቄ እመኛለሁ። እኔ ከሠፈራችን ጭማቂ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የምዋሰን ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ታናሽ ወንድሜም እስካለፈው ወር ድረስ አብሮኝ ይሰፋ ነበር። ጊዜዎን እንዳልሻማ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. «እዚሁ ተጨምቆ የሚቀርብ» የሚለውን የምስክር ወረቀት ማኅተምዎን አሳርፈው ለጭማቂ ቤቱ ስለሰጡልን እናመሰግናለን። መጭመቂያው ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ግድግዳዬን ያንቀጠቅጠዋል፤ ከዚያ ቤት ግን አንዲት የብርቱካን ልጣጭ ወደ ቆሻሻ ገንዳ ስትወጣ አይቼ አላውቅም። ባለሙያዎችዎ ጩኸቱን ሰምተው፣ አንዳንድ ብርጭቆ ጠጥተው፣ አፋቸውን ጠርገው ሄዱ።

2. ወንድሜ የነገር ሰው አይደለም፤ ጥፋቱ ማየት መፈለጉ ነው። ብርጭቆውን እንደያዘ መጋረጃውን ገለጥ ቢያደርግ መጭመቂያው ባዶውን ይጮኻል፣ ጭማቂው ደግሞ ከዱቄትና ከቧንቧ ውኃ በባልዲ ይበጠበጣል። ብርቱካኑስ የታለ ብሎ ጠየቀ። የቤቱ ሠራተኞች የመለሱለት በበሩ መወርወሪያ ብረት ነው። መንጋጋው ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ ከወደቀም በኋላ ፊቱን በጫማ ረገጡት። ጥርሶቹን ከደሙ ውስጥ በጣቶቼ ለቀምኩ። መቀሴን ይዤ ነበር ወደ መቺዎቹ የሮጥኩት፤ ጎረቤቶች እጄን ባይዙኝ ኖሮ ይህን የምጽፍልዎ ከእስር ቤት ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ስለያዙኝ እስካሁን ይቆጨኛል።

3. ጽሕፈት ቤትዎ ነገሩን በጥልቀት መርምሮ «ተጎጂው የብርቱካን ልጣጭ አንሸራቶት ወድቋል» ብሎ ስለጻፈ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በዚያ ቤት የተገኘው የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ልጣጭ እርስዎ የጻፉት ነው። በዚሁ ቃልዎ ፖሊስ መዝገቡን ዘግቶ መቺዎቹ ዛሬም ብርጭቆ ያቀርባሉ። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንን ቃል ይሻሩልኝ፣ ወንድሜን የረገጡት ሰዎች ፍርድ ቤት ይቁሙልኝ።

መንጋጋው በሽቦ የታሰረውን ወንድሟን በቀጭን ቱቦ የምትመግብ፣ ማኅተምዎን ባየች ቁጥር ከመቀመጫዋ የምትነሣ፣ ትሑት አክባሪዎ፣

ልብስ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የጭማቂ ቤቱ ባለቤት ለዕርቅ ብለው ለበሽተኛው አንድ ጀሪካን «ትኩስ» ጭማቂ ልከውልናል። እውነተኛ ጭማቂ ፀሐይ ላይ ከዋለ በማግስቱ ይኮመጥጣል፤ ይኼ መስኮት ላይ ሰንብቶ አልኮመጠጠም፣ ዝንብም አልቀረበውም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ፤ እባክዎ በሠራተኞችዎ ፊት ይጠጡት። አልወርድ ካለዎት ሰው ይላኩብኝ፤ መንጋጋዎን ፈልቅቄ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ እግትዎታለሁ።