ሆዱ የበሰበሰ ኮምፕሬሰር

ሰኞ፣ ጥቅምት 12/2005፣ ጠዋት

ጎማ የምነፋበት ኮምፕሬሰር አሁንም አራት ላይ ቆመ። ከነጋ ይጮኻል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ጌጁ አራት ባር ላይ ሲደርስ እንደ ሰነፍ በሬ ቀጥ። የአይሱዙ ጎማ በአራት ባር አይነፋም። ሙዝ ጭኖ አ.አ ሊሄድ የቸኮለው ሾፌር ሰድቦኝ ታች ወዳለው ጎሚስታ ሄደ። እውነቱን ነው።

አንተ ደብተር፣ ዛሬም የምጮኸው አንተ ላይ ነው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ግፊትህ ከፍ ብሏል፣ ሰው ላይ መጮህ ተው አለችኝ። ብርሃኔ ሰማችና አንተን ገዝታ ሰጠችኝ። ባለቤቴ ናት፣ ጎሚስታዬ በር ላይ ሙዝ ትሸጣለች። ሰው ላይ ከምትጮህ ወረቀት ላይ ጩህ አለች። ይኸው እየጮኽኩ ነው።

ኮምፕሬሰሩን ከገዛሁ ሳምንት አልሞላም። የድሮዬ ተቃጥሎብኝ። ያገለገለ ነው ግን የጣልያን ነው፣ እንደ አዲስ ነው አለኝ ዘውዴ። ዘውዴ አብሮ አደጌ ነው። አንድ ቤ/ክ እንዘምራለን። እዚሁ ታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ ገበያ ዳር ያገለገለ የጋራዥ ዕቃ ይሸጣል። አመንኩት። ቀለሙም ያብለጨልጫል። እኔ! ዕድሜዬን ሙሉ ብረት ስነካ የኖርኩ ሰው፣ በቀለም ተታለልኩ። ነገ እከፍተዋለሁ።

ማክሰኞ 13፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

መብራት የለም። ይጥፋ፣ ለመፍታት መብራት አያስፈልገኝም።

ከፈትኩት። ፒስተኑን ዙሪያውን የያዙት ቀለበቶች፣ ፋሻ የምንላቸው፣ አልቀው ምላጭ አክለዋል። አየሩ ወደ ታንከሩ መሄዱን ትቶ በጎን ያመልጣል። ለዚህ ነው አራት ላይ የሚደክመው። ትርፍ አየር የሚያስወጣው ቫልቭም ያፈሳል። በሽታው ታወቀ፣ መድኃኒቱ ጠፋ።

ሲቀላን ዞርኩ። አንደኛው ሱቅ፣ ልጅቷ ስልኳን እያየች የለም አለች። ምን እንደጠየቅኳት አልሰማችም። ሁለተኛው የሞተር ሳይክል ፋሻ አወጣልኝ። ልኩ አይደለም ስለው ፋሻ ፋሻ ነው አለኝ። ፋሻ ፋሻ ነው! ሴት ሁሉ ሴት ናት ብሎ የጎረቤቱን ሚስት ይዞ ይገባል እንዴ? ሦስተኛው ጋ ሁለት ምርጫ አገኘሁ። አንዱ አሮጌ የጣልያን፣ ከሌላ ማሽን የወጣ። ሌላ ሲሊንደር የለመደ ፋሻ የኔ ውስጥ ገብቶ አይገጥምም። ሌላው አዲስ የቻይና፣ ርካሽ፣ በሚያምር ካርቶን። በጣቴ ጨመቅኩት። ተመልሶ አልተዘረጋም። ያልተዘረጋ ፋሻ ሲሊንደሩን አይነካም፣ ሲሊንደሩን ያልነካ ፋሻ ጌጥ ነው። ሁለቱንም መለስኩ።

ሰውዬው ቀና ብሎ ስለ ቫልቩ መከረኝ። በቡሎን ድፈነው ጋሼ፣ እዚህ አገር ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሠራው አለ። ጮኽኩበት። ሰው ላይ አትጩህ የተባልኩትን ረስቼ ጮኽኩበት። ትርፍ አየር መውጫ ካጣ በየት ይውጣ? በሰው ደረት?

አ.አ ዕቃ የሚሸጥ የማውቀው ሰው አለ፣ ደወልኩለት። ልኩን በስልክ ነገርኩት፣ አስደገምኩት። ፋሻም ቫልቭም በአውቶቡስ ይልካል። ውድ ነው። ይሁን።

ዓርብ 16፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

መጣ። ልኩ ልክ ነው። ስጨምቀው ይዘረጋል። ዘይት ቀባሁ፣ የአንዱ ፋሻ ክፍተት ከሌላው ጋር እንዳይገጣጠም አዟዙሬ ገጠምኩ። ቫልቩንም ቀየርኩ።

አስነሳሁት። አራት። አምስት። ስድስት። ሰባት!

ብርሃኔ ሙዟን ትታ መጥታ ጌጁን አየች፣ እልል አለች። የባጃጅ ልጆች አጨበጨቡ። ሁለት አይሱዙ ነፋሁ። ዛሬ አልተናደድኩም፣ ደብተር፣ ደስ ብሎኛል።

ቅዳሜ 17፣ ከሰዓት

ጽሑፉ ቢበላሽ አይግረምህ።

ጠዋት ታንከሩ ውስጥ ከአየሩ የተጠራቀመውን ውሃ ላፈስ ከሥሩ ያለችውን ቡሽ ፈታሁ። ጠብ የሚል የለም። ተደፍኗል። አየሩን አስተነፈስኩና ገልብጬ በሽቦ ብሩሽ ፈተግኩት። ቀለሙ እንደ ቆዳ ተገፎ መጣ። ከቀለሙ ሥር ስቱኮ፣ የቀዳዳ መድፈኛ። ከስቱኮው ሥር ስስ ላሜራ ተለጥፏል። ከላሜራው ጎን ካቻቪቴ ብሰካበት፣ በእጄ፣ ያለ መዶሻ፣ ገባ። ሆዱ ሙሉ በስብሷል። ለዓመታት ውሃ ተኝቶበታል።

ትናንት ሰባት ባር ሞልቼዋለሁ። ብርሃኔ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጣ ሙዝ ትመዝን ነበር።

ሥራ ያስተማረኝ ጌታዬ ሶዶ ነበር ጎሚስታው። አንድ ቀን ታንከሩ ፈነዳ። ጣሪያው ሄደ፣ የሱም እግር ሄደ። ያንን አይቻለሁ።

የጎማ ማውለቂያ ብረቴን ይዤ ወደ ገበያ ሮጥኩ። ዘውዴ ከሩቅ ሲያየኝ ገባው፣ ከዕቃው ኋላ ሆነ። ብረቱን አንስቻለሁ። እመታው ነበር፣ አልዋሽህም። ከጨንቻ ወርደው ቡልኮ የሚሸጡ አባባ ሻንካ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፣ እንዴት እንደደረሱ አላውቅም፣ ከቦዩ ዳር እርጥብ ሣር ነጭተው እግሬ ሥር ጣሉ። ተንበረከኩ። ከዚያ «ልጄ፣ ካለፍክ ይቺን እለፋት» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ሽማግሌ የጣለውን ሣር ተሻግሮ የሚማታ ጋሞ የለም። አባቴ አልተሻገረም፣ አያቴ አልተሻገረም። እግሬ እምቢ አለ። ብረቱን ጣልኩ። ከንዴቴ ብዛት አለቀስኩ፣ ገበያ መሃል፣ ይሄን የሚያህል ሰው።

ሰኞ 19፣ ማታ

ታረቅን። አባባ ሻንካና ሌሎች ሁለት ሽማግሎች ከዋርካው ሥር አስቀመጡን። ዘውዴ፣ እኔም እንደዚያ ሆኖ ነው የገዛሁት፣ እኔ ቀለም ብቻ ነው የቀባሁት አለ። ስቱኮውስ? አልኩት። ሽማግሎቹ ፈረዱ፤ ዕቃውን ይውሰድ፣ ገንዘቡን ይመልስ፣ የፋሻውንና የቫልቩንም ይክፈል። ከዚህ በኋላ ይህን ነገር በማንም ፊት ያነሳ ዕርቅ አፍራሽ ነው። ሁለታችንም እሺ አልን። ተሳሳምን። ዘውዴ ጆሮዬ ሥር ይቅር በለኝ አለ።

ከፈለኝ። ሁሉንም። አሸነፍኩ ብዬ ወጣሁ። ቅዳሜ ሶዶ ሄጄ ሌላ እገዛለሁ። ብርሃኔ ግፊትህ ይውረድልህ ብላ ስቃ ተኛች።

ሐሙስ 22፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ንግድ ፈቃድ ላሳድስ ወደ ላይኛው ከተማ፣ ወደ ሴቻ ስወጣ በሚኒባሱ መስኮት ድምፁን ሰማሁ። የገጠምኩትን ብረት ድምፁን አውቃለሁ። ወራጅ ብዬ ወረድኩ።

መኪና የሚያጥቡበት ላቫጆ ነው። ኮምፕሬሰሩ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ሆዱም ተለስኗል፣ እንደገና። ጌጁ ሰባት። ባለቤቱ ኤልያስ የሚባል ጥሩ ጎልማሳ ነው፣ አወቀኝ። ጋሼ፣ በርሶ ስም እኮ ነው የገዛሁት አለ። ዘውዴ ምን ብሎታል? ውስጡን የሠራው ያ የታወቀው ጎሚስታ ነው፣ ፋሻው አዲስ፣ ቫልቩ አዲስ። አዲሱን ቫልቭ እያሻሸ አሳየኝ። እናቱ ከታንከሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፈው ጥጥ ይፈትላሉ። ብርድ ይወዳቸዋል፣ ሞተሩ ሙቀት ይሰጣቸዋል አለ።

ያን ጊዜ ገባኝ። በዘውዴ አሮጌ ፋሻ ይህ ብረት አራት ላይ ደክሞ ይቆም ነበር። ዕድሜ ልኩን ማንንም አይገድልም ነበር። ሰባት መድረስ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ውድ ፋሻ መርጬ፣ አስልኬ፣ ዘይት ቀብቼ። ቫልቩም የሚከፈተው ስምንት ላይ ነው፣ ያ ሆድ ግን ስምንትን አያይም። ደግሞ የፋሻዬን ዋጋ ተቀብዬ አሸነፍኩ ብያለሁ። ደደብ።

አፌን ከፈትኩ። ዕርቅ አፍራሽ የሚለው ቃል መጣብኝ። አፌን ዘጋሁ። በእግሬ ቁልቁል ወደ ሲቀላ ወረድኩ። ፈቃዱንም አላሳደስኩ።

ዓርብ 23

ለብርሃኔ ነገርኳት። ፈራች። ዕርቅ ያፈረሰ ሰው ቤት ማን ይገባል? ማን ለቅሶ ይደርሰናል? ሆድ ይፍጀው በለው አለች። ትንሽ ቆይታ የኤልያስን እናት ስም ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ሙዙን ስትመዝን ሁለት ጊዜ ተሳሳተች።

አባባ ሻንካ ጋ ሄድኩ። ቡልኮ እያጠፉ ሰሙኝ። ልጄ፣ የታረቀ ነገር አይቆፈርም አሉ። እኔ ጮኽኩ፣ ሽማግሌ ላይ ጮኽኩ። እኔና ዘውዴ ታረቅን፣ ብረቱ ከማን ጋር ታረቀ አልኳቸው። ማጠፋቸውን ተዉ። እኔ ብቻዬን አልፈታውም፣ ሰኞ ጓደኞቼን ልሰብስብ፣ እስከዚያ ታገሥ አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ሰኞ! እስከ ሰኞ ኤልያስ ስንቴ ይሞላዋል?

ቅዳሜ 24፣ ከሰዓት

ለሶዶ ጉዞ ገንዘቡን ደረት ኪሴ ይዤ ከቤት ወጣሁ። መናኸሪያ ደረስኩ። የሶዶው መኪና ይጮኻል። የሴቻ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

ለኤልያስ ነገርኩት። ሁሉንም፣ ስቱኮውንም። ሳቀ። ዘውዴ ነግሮኛል አለ፤ ያ ሰውዬ ይቆጨዋል፣ መጥቶ ያጣጥለዋል ብሎኛል አለ። ደሜ ፈላ። እንግዲህ ደብተር፣ ያልኩትን ልጻፈው። «እሺ፣ እናትህን ታንከሩ ላይ አስቀምጣቸው፣ እኔ ራሴ ሰባት ልሙላው» አልኩት።

ሳቁ ቆመ። እናቱን አየ። ታንከሩን አየ። ሄዶ ሶኬቱን ነቀለ።

አመነኝ ብዬ ልቤ ሊያርፍ ሲል ምን ቢል ጥሩ ነው? እንግዲያው ለጊዶሌ ሰው እሸጠዋለሁ፣ እኔም ገንዘቤን አላቃጥልም። የጊዶሌ ሰው እናት የለውም? ኪሴ ገባሁ። ስንት ገዛኸው አልኩት። ነገረኝ። ዘውዴ ለኔ ከሸጠበት አስበልጦ ነው የሸጠለት፣ በኔ ፋሻ! ቆጥሬ ሰጠሁት፣ የጎደለውን ሰኞ አመጣለሁ አልኩ። አየሩን አስተነፈስኩ፣ ገለበጥኩት፣ መዶሻና መሮ አምጣ አልኩ። በአንድ ምት ገባ። ቀደድኩት፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ማንም በላሜራ እንዳይለጥፈው አድርጌ። መኪና ሊያሳጥብ የመጣው ሁሉ ከቦ አየ። ዝገቱ እንደ ሽሮ ፈሰሰ። የኤልያስ እናት እንዝርታቸውን ይዘው ቆመው ቀሩ፣ ኤልያስ ወንበራቸውን አንስቶ ራቅ አድርጎ አስቀመጠላቸው።

ፋሻዬን ፈትቼ በኪሴ ይዤ ተመለስኩ። ኮምፕሬሰር የለኝም። ገንዘብም የለኝም። ለብርሃኔ ስነግራት ጭንቅላቷን ያዘች፣ ከዚያ በምን ልትነፋ ነው አለች። በእጅ ፓምፕ አልኳት። የአይሱዙ ጎማ በእጅ ፓምፕ! ሁለታችንም አልሳቅንም።

እሑድ 25

ቤ/ክ ዘውዴ ፊት ለፊት ቆሞ ዘመረ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ወሬው ቀድሞኛል። ግማሹ ሰላም አላለኝም። ከሽማግሎቹ አንዱ ሰው ልኮብኛል፤ ነገ ጠዋት ዋርካው ሥር ትፈለጋለህ፣ ዕርቅ አፍርሰሃል። ብርሃኔ አብሬህ እቆማለሁ አለች። ሥራሽስ ብላት ሙዝ አንድ ቀን ቢያድር አይሞትም አለች።

እሄዳለሁ። ቃሌን አፍርሻለሁ፣ ቅጡኝ እላለሁ። በግ አምጣ ቢሉ ተበድሬ አመጣለሁ። አባባ ሻንካ ላይ ስለጮኽኩ ተንበርክኬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዘውዴን ሳም ካሉኝም እስመዋለሁ። ዳግመኛ አላነሳም ብለህ ማል ሲሉኝ ግን አልምልም። ነገ ዘውዴ ሌላ የበሰበሰ ቀብቶ ሲሸጥ ካየሁ፣ ደግሜ አፈርሳለሁ።